በማሕፀን ያለ ሕፃን እንዴት ይዞራል?

ላም ስትወልድ የጥጃው ሁለት የፊት እግሮችና አፍንጫው ቀድመው ይመጣሉ። የኋላ እግሩ ከቀደመ ግን ጭንቅ ነው። ይኼን ገበሬ ሁሉ ያውቃል። የሰው ልጅም አብዛኛውን ጊዜ በጭንቅላቱ ይወለዳል። በመቀመጫው ወይም በእግሩ ከመጣ ምጡ አደጋ አለው።

ታዲያ ሕፃኑ በማሕፀን ውስጥ እንዴት እንደሆነ በምን ይታወቃል? በሆስፒታልና በአንዳንድ ጤና ጣቢያ አልትራሳውንድ የሚባል መሣሪያ አለ። ገደል አፋፍ ቆመን ስንጣራ ድምፃችን ማዶውን መትቶ ይመለሳል። ይህ የገደል ማሚቶ ነው። አልትራሳውንድም እንዲሁ ነው። የሰው ጆሮ የማይሰማውን ድምፅ ወደ ሆድ ይልካል። ድምፁ ሕፃኑን ነክቶ ሲመለስ መሣሪያው ወደ ሥዕል ይለውጠዋል። አይወጋም፣ አያምም። ኢያን ዶናልድ የተባለ የግላስጎ ከተማ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ይህን ሥራ በጽሑፍ ያሳወቀው በ1950 ዓ.ም. ነው። የዓለም ጤና ድርጅትም እርጉዝ ሴት 24 ሳምንት ሳይሞላት አንድ ጊዜ እንድትታይ በ2009 ዓ.ም. መክሯል።

አንዳንድ ጊዜ ሕፃኑ ጀርባውን ይሰጣል፤ ባለሙያውም ልቡን ወይም ፊቱን ማየት ያቅተዋል። ይህ በሽታ አይደለም። ሕፃን በማሕፀንም ይተኛል፣ ይነቃል። እናትየዋ በጎኗ እንድትተኛ፣ ትንሽ እንድትራመድ፣ ሽንቷን እንድትሸና ወይም ጥቂት ቆይታ እንድትመለስ ትጠየቃለች። ሕፃኑ ብዙ ጊዜ በራሱ ይዞራል። እምቢ ካለ ሌላ ቀን ትቀጠራለች። መንገዱ ቢርቅም መቅረት አይገባም።

ሕፃን እስከ 8ኛው ወር ቢገላበጥ አያስደነግጥም። መወለጃው ሲደርስ ግን ከ100 ሕፃናት 3 ወይም 4 ያህሉ ጭንቅላታቸው ወደ ላይ እንደሆነ ይቀራሉ። ያን ጊዜ «ሆዷ ይታሽ» የሚል ሰው አይታጣም። ለደግ አስቦ ይሆናል። ነገር ግን ሆድን በኃይል ማሸትና መጫን የእንግዴ ልጁን ከቦታው ሊያላቅቅ ይችላል። ደም ይፈስሳል፤ እናትም ልጅም ሊሞቱ ይችላሉ።

ሐኪምም 37 ሳምንት ገደማ ሲደርስ ሕፃኑን በእጁ ሊያዞር ይሞክራል። ልዩነቱ ምንድን ነው? ሐኪሙ የእንግዴ ልጁ የት እንዳለ በመሣሪያ አይቷል። የሕፃኑን ልብ ይከታተላል። ችግር ቢመጣ ቀዶ ሕክምና ቅርብ ነው። በቤት ውስጥ ይህ ሁሉ የለም።

ደም ከታያት፣ የሽርት ውሃ ከፈሰሰ ወይም የሕፃኑ እንቅስቃሴ ከቀነሰ እርጉዟ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ትሂድ። ባልም የቀጠሮዋን ቀን ጽፎ ግድግዳ ላይ ይለጥፍ። ፊደል መቁጠር ለዚህም ይጠቅማል።

ጥያቄዎች
1. አልትራሳውንድ ከገደል ማሚቶ ጋር በምን ይመሳሰላል?
2. ሕፃኑ ጀርባውን ሲሰጥ እናትየዋ ምን ታደርጋለች?
3. የእርጉዝ ሆድ በኃይል ማሸት ለምን ይጎዳል?