ትልን በመረብ የሚያጠምደው ፈንገስ

ዝናብ ያለመለመው መስክ ለበግ አርቢ በረከት ነው፤ ስውር አደጋም አለው። በሣሩ ቅጠል ላይ፣ በቀጭን የውኃ ሽፋን ውስጥ፣ በዓይን የማይታዩ የጥገኛ ትል እጮች ይጠብቃሉ። በጓ ስትግጥ ከሣሩ ጋር አብረው ወደ ሆዷ ይገባሉ።

ከእነዚህ ትሎች መካከል በጎችንና ፍየሎችን ክፉኛ የሚጎዳው ሄሞንከስ ኮንቶርተስ የተባለው ደም መጣጭ ትል ነው። አንዲት እንስት ትል በቀን እስከ 10,000 እንቁላል ልትጥል ትችላለች። ክፉኛ የተጠቃ እንስሳ ደሙ ያንሳል፤ ድዱ ይነጣል፤ ከመንጋጋው ሥር ያብጣል፤ ካልታከመም ይሞታል።

ለአሥርተ ዓመታት መፍትሔ ሆኖ የቆየው ጸረ ትል መድኃኒት ነው። ይሁን እንጂ ታያቤንዳዞል እ.ኤ.አ. በ1961 ገበያ ላይ በዋለ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የማይበግራቸው ትሎች ተገኙ። በ1981 የመጣው አይቨርሜክቲንም ከዚህ ዕጣ አላመለጠም። መድኃኒቱ በተሰጠ ቁጥር የሚሞቱት ደካሞቹ ናቸው፤ የተረፉት ጠንካሮች ዘራቸውን ያበዛሉ።

በዚህ ምክንያት ተመራማሪዎች ዓይናቸውን ከእንስሳው ሆድ ወደ በጠጡ አዞሩ። ትሉ እንቁላሉን የሚጥለው በሆድ ውስጥ ቢሆንም፣ እጩ ተፈልፍሎ የሚያድገው ከእዳሪው ጋር ወደ ውጭ ከወጣ በኋላ ነው። ትልን የሚያጠምዱ ፈንገሶች መኖራቸው ደግሞ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጀርመናዊው ዊልሄልም ዞፕፍ ይህን የገለጸው በ1888 ነበር።

ዛሬ ተመራጭ የሆነው ዱዲንግቶኒያ ፍላግራንስ የተባለው ዝርያ ነው። ስፖሮቹ ወፍራም ግድግዳ ስላላቸው ከመኖ ጋር ተበልተው የምግብ መፍጫ አካላትን በሕይወት ያልፋሉ። በበጠጡ ውስጥ ይበቅላሉ፤ የትሎቹ እንቅስቃሴ ሲሰማቸውም የሚያጣብቅ መረብ ይሠራሉ። የተያዘው እጭ በታገለ ቁጥር ይበልጥ ይጣበቃል። ፈንገሱም ቆዳውን በስቶ ይገባና ውስጡን ይመገበዋል።

በአውስትራሊያ፣ ሲኤስአይአርኦ የተባለው ብሔራዊ የምርምር ተቋም ከአንድ የእንስሳት ጤና ኩባንያ ጋር ለረጅም ዓመታት ከሠራ በኋላ፣ የዚህ ፈንገስ ምርት ባዮወርማ በሚል ስም በ2018 ለገበያ ቀርቧል።

ፈንገሱ ግን መድኃኒትን የሚተካ አይደለም። በሆድ ውስጥ ያለውን ትል አይገድልም፤ አስቀድሞ ሣሩ ላይ የወጣውን እጭም አያጠፋም። የታመመው በግ አሁንም መታከም አለበት። የፈንገሱ ሥራ መስኩ በአዲስ እጭ እንዳይሞላ ማድረግ ነው። ለዚህም እንስሳቱ እጭ በሚበዛበት ወቅት ስፖሩን በየቀኑ ከመኖ ጋር ማግኘት ይኖርባቸዋል።

ፈተናውም እዚህ ላይ ነው። መኖ በገንዳ ለሚያቀርብ አርቢ ዕለታዊው መጠን ቀላል ነው። ይኸው ትል የክረምት ሥጋት በሆነባት ኢትዮጵያ ግን ብዙ በጎች የሚውሉት በወል ግጦሽ ላይ ነው፤ አንዱ አርቢ ስፖር ቢሰጥ የጎረቤቱ በጎች በዚያው መስክ እንቁላል መበተናቸውን አያቆሙም። ስለዚህ ፈንገሱ በእንዲህ ዓይነት ስፍራ እንዲጠቅም ከተፈለገ፣ መስኩን የሚጋሩ ሁሉ በአንድነት መነሣት አለባቸው።

የሚገኘው ጥቅም ግን ቀላል አይደለም። መስኩ ሲጸዳ በጓ በጥቂቱ ትጠቃለች፤ ሕክምናው ይራራቃል፤ ገና የሚሠሩት ጥቂት መድኃኒቶችም ዕድሜያቸው ይረዝማል።