ባትሪውን ብርድ አልገደለውም

ከአሰላ ወደ በቆጂ በሚወስደው መንገድ ላይ ባለችው ሳጉሬ፣ ጠዋት መኪና አልነሳ ሲል ፍርዱ የሚሰጠው ኮፈኑ ሳይከፈት ነው፤ «ብርዱ ነው።» ባለቤቱም አይከራከርም። ከተማዋ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ሣሩ አመዳይ ለብሶ እያደረ፣ ለብርዱ ማን ጠበቃ ይቆማል? ወሬው በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። ሶላር ቻርጀር ለቆላ እንጂ ለደጋ አይሆንም ይባላል። ቢሆንም ባትሪውን ይቀቅለዋል ይባላል። ባትሪውን ፈትተህ ሲሚንቶ ላይ ካስቀመጥከው ወለሉ ኃይሉን ይመጠዋል ይባላል። ይህን ሁሉ ያመነ ሰው ጊዜው ሳይደርስ አዲስ ባትሪ ይገዛል፤ ወሬውን ያወራው ሰው ደግሞ አንድም ቀን በቴስተር ለክቶ አያውቅም።

የሲሚንቶውን ቶሎ እንገላገለው። የድሮ ባትሪዎች ሣጥን ከእንጨትና ከጠንካራ ጎማ ይሠራ ስለነበር፣ እርጥበት ሲነካው ጥቂት ኤሌክትሪክ ሊያሾልክ ይችል ነበር። የዛሬው ሣጥን ፕላስቲክ ነው። ሲሚንቶ ላይ ቢያርፍ ጣውላ ላይ ቢያርፍ ለውጥ የለውም።

የቀሩት ወሬዎች ግን መኪናውን አቁሞ የሚያቆየውን ሰው ያከስራሉ። ልጅ ከውጭ ሲመጣ ብቻ የምትነሳ ኮሮላ ግቢያቸው ያቆሙ ወላጆች አሉ። ነዳጅ ሲጠፋ መኪናቸውን ሸራ አልብሰው በባጃጅ የሚመላለሱ ነጋዴዎች አሉ። ከሁሉም በላይ የኮምባይነር ባለቤቶች አሉ፤ አርሲ ስንዴውን በኮምባይነር የሚያጭድ አገር ነው፣ ማሽኑም በአጨዳው ወራት እረፍት አጥቶ ይሠራና ከዚያ በኋላ የዓመቱን አብዛኛውን ክፍል ቆሞ ያሳልፋል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ ደግሞ ያለችውን መኪና ማቆየት የግድ ሆኗል። የኤሌክትሪክ መኪና የገዙም ከዚህ ጣጣ አላመለጡም። በሩንና ኮምፒውተሩን የምታነቃው ያችው 12 ቮልት ባትሪ ናት፤ እሷ ከወረደች ዋናው ባትሪ ሞልቶም መኪናዋ አትንቀሳቀስም።

ብርድ በባትሪ ላይ ሁለት ነገር ይሠራል፤ ወሬው የሚያውቀው አንዱን ብቻ ነው። በዜሮ ዲግሪ አካባቢ አንድ ባትሪ በሞቃት ቀን ከሚሰጠው የማስነሻ ጉልበት አንድ ሦስተኛ ያህሉን ያጣል። በዚያው ላይ ዘይቱ ስለሚወፍር ሞተሪኖው ከወትሮው የበለጠ ጉልበት ይጠይቃል። ጤነኛ ባትሪ ግን ይህን ችሎ ያስነሳል። ሁለተኛውን ሥራውን የሚያነሳለት የለም። ባትሪ ምንም ሳይነካ ተቀምጦ ከውስጡ የሚያባክነው ኃይል፣ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር እጥፍ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ ሳጉሬ የተቀመጠ ባትሪ አዳማ ከተቀመጠው መንትያው የበለጠ ይቆያል። በዚያ ውርጭ ጠዋት የታየው ሞት ከሳምንታት በፊት የጀመረ ነው።

ታዲያ ገዳዩ ማነው? ሰልፌት ነው። እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ያለው እዚህ ነው።

ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና አሲድ ባትሪ እስከ ዛሬ በመሠረቱ አልተቀየረም። የመኪናው ሣጥን ውስጥ ስድስት ሴሎች አሉ፤ እያንዳንዱ 2.1 ቮልት ይሰጣል፣ ስድስቱ ተደምረው ሲሞሉ 12.6 ቮልት ገደማ ይሆናሉ። አንዱ ሰሌዳ ንጹሕ እርሳስ፣ ሌላው የእርሳስ ኦክሳይድ ነው፤ መካከላቸው በውሃ የቀጠነ ሰልፈሪክ አሲድ አለ። ባትሪው ኃይል ሲሰጥ አሲዱ ውስጥ ያለው ሰልፌት ወጥቶ በሁለቱም ሰሌዳዎች ላይ ይለጠፋል፤ የቀረው ፈሳሽ ወደ ውሃነት ይጠጋል። ቻርጅ ሲደረግ ሰልፌቱ ከሰሌዳው ተላቆ ወደ አሲዱ ይመለሳል። መለጠፉ በራሱ በሽታ አይደለም፤ ባትሪው የሚሠራው በዚሁ ነው።

በሽታው ሰልፌቱ እዚያው ሲከርም ነው። አዲስ የተለጠፈው ሰልፌት እንደ ዱቄት የደቀቀ ነው፤ የቻርጀር ኤሌክትሪክ በቀላሉ ያሟሟዋል። ባትሪው ግማሽ ጎዶሎ ሆኖ ሲቆም ግን ደቃቆቹ ቅንጣቶች ጥቂት በጥቂት እየሟሙ በትልልቆቹ ላይ ይለጠፋሉ። ትንሹ ይጠፋል፣ ትልቁ ይወፍራል። ማሰሮ ውስጥ የከረመ የደጋ ማር ከቀን ወደ ቀን ፍሬው እየሻከረ እንደሚሄደው ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ማሩን እሳት ዳር ብታስጠጋው ይመለሳል፤ የሻከረው ሰልፌት ግን እንዲህ በቀላሉ አይመለስም። ትልቁ ቅንጣት አሲዱን የሚነካበት ገጽ ከመጠኑ አንጻር ትንሽ ነው፣ ኤሌክትሪክም አያስተላልፍም። የሰሌዳውን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ ከሥሩ ያለው እርሳስ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ከሥራ ውጭ ይሆናል።

እንዲህ የታመመ ባትሪ ሰው ያታልላል። ቻርጀር ሲገጠምበት ቮልቱ ፈጥኖ ይወጣና «ሞላ» ይላል። በቴስተር ሲለካም 12.6 ያሳያል። መብራቱ ይበራል፣ ክላክሱ ይጮኻል። ቁልፉ ሲዞር ግን «ጠቅ» ይልና የክሩስኮቱ መብራት ሁሉ ይደበዝዛል። ቮልቱ አለ፤ ከጀርባው የሚቆም ሰሌዳ የለም። ለዚህ ነው ባትሪ ቁልፍ እየዞረ መፈተሽ ያለበት፤ ጤነኛ ባትሪ ሞተሪኖው ሲጎትተው ከ10 ቮልት በታች እምብዛም አይወርድም።

መጠኑ ይኸውና። አላርምና ኮምፒውተር ያላት መኪና ቆማም ቢሆን 50 ሚሊአምፔር ያህል ልትጠጣ ትችላለች። ኢምንት ይመስላል። በ24 ሰዓት ግን 1.2 አምፔር ሰዓት ነው፤ 60 አምፔር ሰዓት ባትሪ በ25 ቀን ግማሹ ይሄዳል። ባዶ ሆኖ እስኪያልቅ አይጠብቅም፣ ሻካራው ሰልፌት ከዚያ ቀድሞ ይጀምራል። ባትሪው ካረፈ ከሰዓታት በኋላ ሲለካ 12.4 ማለት ሦስት አራተኛ፣ 12.2 ማለት ግማሽ፣ 12.0 ማለት ሩብ ገደማ ነው። ሰዎች «12 ቮልት አለው፣ ደህና ነው» ሲሉ እሰማለሁ። 12 ቮልት ደህና አይደለም።

«በየሳምንቱ አሥር ደቂቃ አሞቀዋለሁ» የሚል አለ። ማስነሳቱ ራሱ የሚፈጀው ትንሽ ነው፤ ዲናሞው በደቂቃዎች ይተካዋል። የሳምንቱ ጥማት ግን 8 አምፔር ሰዓት አልፏል። ቆሞ በሚሞቅ ሞተር ላይ ዲናሞው ጉልበቱ ትንሽ ነው፤ ባትሪው በበኩሉ ወደ መሙላት ሲቃረብ የሚቀበለው እየቀነሰ ይሄዳል፣ የመጨረሻውን ሩብ መሙላት ሰዓታትን ይወስዳል። አሥር ደቂቃው ነዳጅ ያቃጥላል፣ ሞተሩ በወጉ ሳይሞቅ ውስጡ የሚጠራቀመውን እርጥበት ዘይቱ ውስጥ ይተዋል፣ ባትሪውንም ጎዶሎ አድርጎ ይመልሰዋል።

ሶላር የሚገባው እዚህ ላይ ነው። የሚፈለገው ብዙ ኃይል አይደለም፤ በየቀኑ የምትመጣ ጥቂት ኃይል ናት። ቮልስዋገን እ.ኤ.አ. በ2000ዎቹ አዳዲስ መኪኖቹ ተጭነው ሲላኩና ገዢ ሲጠብቁ ባትሪያቸው እንዳይወርድ ጥቂት ዋት ብቻ ያላትን ትንሽ ፓነል ይሰጣቸው ነበር። በእኛ ሒሳብ፣ «12 ቮልት» ተብሎ የሚሸጥ ባለ 10 ዋት ፓነል በጥሩ ፀሐይ ግማሽ አምፔር ይሰጣል፤ አምስት የጠራ ሰዓት ካገኘ 2.5 አምፔር ሰዓት ገደማ ነው። ሐምሌ ደመናው ሲከብድ ወደ ግማሽም ከዚያ በታችም ይወርዳል። ባለ 5 ዋቷ ለበጋ ትበቃለች፤ ለአርሲ ክረምት ግን 10 ይሻላል።

«ለደጋ አይሆንም» የሚለው ወሬ ደግሞ ተገልብጦ የቆመ ነው። ፓነል የሚሠራው በብርሃን እንጂ በሙቀት አይደለም። ሲሊከን ሲግል ይደክማል፤ የፓነሉ ሙቀት ከ25 ዲግሪ በላይ በወጣ ቁጥር ለእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ቆላ ላይ 60 ዲግሪ የሚደርስ ፓነል ከሰባት አንዱን እዚያው ያጣል። ሳጉሬ አየሩ ስስና ቀዝቃዛ ነው፤ ፀሐይ በወጣች ቀን ፓነሉ ደስ ይለዋል። ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ስለማይሞላት፣ ሚያዝያ ሲብትና ነሐሴ ሲያልቅ ፀሐይ ልክ አናት ላይ ትሆናለች፣ በመካከሉ ባለው ክረምት ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። ስለዚህ ፓነሉን እንደ አውሮፓ ማቆም አያስፈልግም። ዝናብ አቧራውን እንዲያጥበው ብቻ ትንሽ አዘንብሎ ማስተኛት ነው።

በሶላር ገንዘባቸውን የሚያጡ ሰዎች የሚያጡት በሌላ ነገር ነው። ቻርጀሩን በሲጋራ መለኮሻው ሶኬት ይሰኩና ክሩስኮቱ ላይ ያስቀምጡታል። በብዙ ጃፓን ሠራሽ መኪኖች ያ ሶኬት ቁልፉ ሲወጣ ይዘጋል፤ ፓነሉ ወራቱን ሙሉ ለማንም ሳይሰጥ ይከርማል። መስታወቱም ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ጠቆር ያለ ከሆነማ ምንም አያተርፍም። የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ጥላም ቀላል አይደለም። ሴሎቹ ተራ በተራ የተቀጣጠሉ ስለሆኑ አንዱ ሲጠላበት የሌሎቹም ፍሰት ይታነቃል። ለማታ መብራት የተገዛውን ትንሽ ሶላር ነቅሎ መኪና ላይ መግጠምም ከንቱ ነው፤ አብዛኛው 6 ቮልት ገደማ ነው፣ 12 ቮልቱን ገፍቶ መግባት አይችልም። ትክክለኛው ቦታ ከቤት ጣሪያ ወይም ከመጋዘን ቆርቆሮ ላይ ነው፤ ሽቦው በቀጥታ ወደ ባትሪው፣ ባትሪው አጠገብ ፊውዝ ተደርጎበት።

«ይቀቅላል» የሚለው ወሬ ግን ግማሽ እውነት ይዟል፤ እሱንም አልክደውም። የቤት መብራት ባለ 100 ዋት ፓነል ያለ መቆጣጠሪያ በቀጥታ የተገጠመበት ባትሪ እውነትም ይቀቀላል። ከሞላ በኋላ የሚገባው ኤሌክትሪክ ውሃውን ወደ ሃይድሮጅንና ኦክስጅን ይሰነጥቀዋል፤ አሲዱ ይጎድላል፣ ሰሌዳው ይራቆታል፣ የሚወጣው ጋዝም በአንዲት ብልጭታ ይፈነዳል። ከባትሪው አቅም አንድ በመቶ ያህል ብቻ አምፔር የምትሰጥ ፓነል ይህን ያህል አታደርስም። ለወራት ለሚተው ግን የቻርጅ መቆጣጠሪያ ይግጠሙ፤ ሌሊት ኃይሉ በፓነሉ ወደ ኋላ እንዳይፈስም ያግዳል። ሲገጠም ቀድሞ ከባትሪው፣ ቀጥሎ ከፓነሉ ነው።

መቆጣጠሪያዎቹ ላይ ባለሙያዎችን የሚያነጋግር ነገር አለ፤ እዚህ ላይ እኔም ቃሌን እቆጥባለሁ። የሞላ ባትሪ የሚያዝበት 13.5 ወይም 13.8 ቮልት የተሰላው ለ25 ዲግሪ ነው። ባትሪ ሲቀዘቅዝ ትንሽ ከፍ ያለ ቮልት ይፈልጋል፤ በ20 ዲግሪ ልዩነት 0.4 ቮልት ገደማ። ሙቀት የማይለካ ርካሽ መቆጣጠሪያ በደጋ ባትሪውን በጥቂቱ ሊያስርበው ይችላል። ያም ሆኖ ምንም ካለመግጠም እጅግ ይሻላል። በኤሌክትሪክ «ምት» ሰልፌት ያራግፋል እየተባለ የሚሸጠው መሣሪያ ላይ ደግሞ ስምምነት የለም። ያልሻከረውን ሰልፌት ረጋ ያለ ረጅም ቻርጅም ያነሳዋል፤ የከረመውን ግን ማንም ሙሉ በሙሉ ሲመልሰው አላየሁም። ደግሞ ሁሉም ባትሪ በሰልፌት አይሞትም። በየቀኑ የሚነዳው ብዙ ጊዜ የሚሞተው የሰሌዳው አጥንት ተበልቶ ነው፤ ለዚያ ሶላር መድኃኒት አይደለም።

ፓነሏ የሞተ ባትሪ አታነሳም፤ ይህን ከወዲሁ ይወቁ። ትንሿ ፓነል ጠባቂ ናት። ባትሪው 12.4 ካልደረሰ መጀመሪያ ቻርጅ ቤት ወስደው በሙሉ ያስሞሉት፣ ከዚያ ፓነሏን ይግጠሙ። የጭነት መኪና ያላችሁ፣ የብዙዎቹ 24 ቮልት ስለሆነ ለሱ የተሠራ ፓነልና መቆጣጠሪያ ግዙ።

ኮምባይነር ያላችሁ ደግሞ ከአጨዳ ስትመለሱ ባትሪውን አስሞሉና ኔጌቲቩን ፍቱት። የተፈታ ባትሪ የሚያባክነው የራሱን ጥቂት ብቻ ስለሆነ ባለ 10 ዋቷ ከበቂ በላይ ትሆናለች። ነሐሴ ላይ አንድ ጊዜ ለኩት። ከ12.4 በታች ካገኛችሁት ኅዳርን አትጠብቁ፤ በዚያው ሳምንት አሰላ ወስዳችሁ አስሞሉት።