የጎማ ጥራትና የአበሳሰሉ ዘዴ

የመኪና ጎማና እንደ ቀንድ የሚጠነክረው ኢቦናይት በመልክም በአገልግሎትም አይመሳሰሉም። ሆኖም ሁለቱም ከጎማና ከድኝ የሚሠሩ ናቸው። ልዩነታቸው የሚመነጨው በዋናነት ከድኙ መጠንና ከአበሳሰሉ ነው።

ከዛፍ የሚገኘው ጥሬ ጎማ የረጃጅም ሞለኪውሎች ሰንሰለት ስብስብ ነው። ሰንሰለቶቹ እርስ በርሳቸው ስላልተያያዙ ጥሬ ጎማ ሲሞቅ ይለሰልሳል፣ ይጣበቃል፤ ሲቀዘቅዝም ይደርቃል። አሜሪካዊው ቻርልስ ጉድይር በ1839 እ.ኤ.አ. ጎማን ከድኝ ጋር በማሞቅ ይህን ችግር ማስወገድ እንደሚቻል ደረሰበት። ቮልካናይዜሽን በተባለው በዚህ ሂደት የድኝ አቶሞች ሰንሰለቶቹን እንደ ድልድይ ያገናኛሉ።

የምርቱን ጠባይ የሚወስነው በመጀመሪያ የድልድዮቹ ብዛት ነው። ለ100 ኪሎ ግራም ጎማ ከ1 እስከ 3 ኪሎ ግራም ያህል ድኝ ሲጨመር ተለጣጭ ጎማ ይገኛል። የድኙ መጠን 30 ኪሎ ግራምና ከዚያ በላይ ሲሆን ግን ድልድዮቹ እጅግ ስለሚበዙ ጎማው ወደማይለጠጥ ኢቦናይት ይለወጣል።

ሁለተኛው የድልድዮቹ ርዝመት ነው። ይህም በድኙና ሂደቱን በሚያፋጥኑ ኬሚካሎች ምጣኔ ይወሰናል። ድኙ በዝቶ ማፋጠኛው ሲያንስ በርካታ የድኝ አቶሞችን የያዙ ረጃጅም ድልድዮች ይፈጠራሉ። እንዲህ ያለው ጎማ በተደጋጋሚ ቢታጠፍም ቶሎ አይሰነጠቅም፤ ይሁን እንጂ በድኝ አቶሞች መካከል ያለው ትስስር ደካማ በመሆኑ ሙቀትን ለረጅም ጊዜ አይቋቋምም። በአንጻሩ ድኙ አንሶ ማፋጠኛው ሲበዛ አንድ ወይም ሁለት አቶም ብቻ ያላቸው አጫጭር ድልድዮች ያመዝናሉ። ጎማው ሙቀትን በተሻለ ይቋቋማል፤ መታጠፍን የመቻል አቅሙ ግን ይቀንሳል።

ሦስተኛው የሙቀቱ ልክና የቆይታው ጊዜ ነው። በሚገባ ያልበሰለ የተፈጥሮ ጎማ በቂ ድልድይ ስለማይኖረው ደካማ ይሆናል፤ ከልክ በላይ የበሰለው ደግሞ ረጃጅም ድልድዮቹ ስለሚፈርሱ ጥንካሬውን ያጣል። በየጎሚስታው በሙቀት የሚለጠፍ ጥገናም የሚገዛው በዚሁ ሕግ ነው።

ይህ ልዩነት በዓይን አይለይም። ስለሆነም አምራቾች ቀመሩን፣ ሙቀቱንና ጊዜውን በመቆጣጠር ምርታቸውን በፍተሻ ማረጋገጥ፣ ተጠቃሚዎችም የጎማ ዕቃን ለተሠራለት አገልግሎትና ለተወሰነለት የሙቀት መጠን ብቻ ማዋል ይገባቸዋል።