ከአረንጓዴው ጨርቅ ሥር ያለው ድንጋይ

ስለ ስኑከር ጠረጴዛ አብዛኛው ሰው የሚያውቀው ሁለት ነገር ነው፦ አረንጓዴ ነው፣ ትልቅ ነው። ልክ ነው። የሙሉው መጠን ጠረጴዛ መጫወቻው 3.57 ሜትር በ1.78 ሜትር ሲሆን ስድስት ጉድጓድና ስምንት እግር አለው። ጨዋታው እ.ኤ.አ. በ1875 ሕንድ ውስጥ፣ ጃባልፑር ላይ በሰፈሩ የእንግሊዝ መኮንኖች መካከል እንደ ተጀመረ ይነገራል። ስለ ጨዋታው ይህን ያህል ይበቃናል፤ እኔ ማውራት የምፈልገው ስለ ድንጋዩ ነው።

አዎ፣ ድንጋይ። ጠረጴዛውን የእንጨት ዕቃ ነው ብሎ ማሰብ የስንቱን ወገብ እንዳስቀጨ ጠረጴዛ እየፈቱ የሚገጥሙት ገጣሚዎች ያውቁታል። እንጨቱ እግሩ፣ ከሥር ያለው ማዕቀፍና ዳሩ ብቻ ነው። ኳሶቹ የሚንከባለሉት በጨርቅ በተሸፈነ፣ ስሌት በሚባል ጠፍጣፋ ድንጋይ ላይ ነው። የለንደኑ ጠረጴዛ ሠሪ ጆን ተርስተን እ.ኤ.አ. በ1826 ድንጋይ መጠቀም እስኪጀምር ድረስ መደቡ ጣውላ ነበር፤ ጣውላ ደግሞ እርጥበት ባገኘው ቁጥር ይጣመማል። የሙሉው መጠን ጠረጴዛ አምስት የድንጋይ ቁራጮች አሉት። ውፍረታቸው አራት ሴንቲ ተኩል ገደማ ነው፤ እያንዳንዳቸው ከ150 ኪሎ አያንሱም። ከነእግሩ ከነዳሩ ሲደመር ከአንድ ቶን በላይ ነው።

እንግሊዝ አገር ያገለገለ ጠረጴዛ የሚረክሰውም ለዚህ ነው፤ ሌላም ምክንያት አለ። እ.ኤ.አ. በ1985 ዴኒስ ቴይለርና ስቲቭ ዴቪስ የተፋለሙበትን የዓለም ስኑከር ሻምፒዮና ፍጻሜ 18.5 ሚሊዮን ሰው በቴሌቪዥን አይቶታል፤ በዚያ ዘመን ስኑከር የማይጫወት ሠፈር አልነበረም ማለት ይቻላል። ከዚያ ወዲህ ብዙ ክለቦች ተዘጉ። ቤት ውስጥ ላስቀምጠው የሚል ሰው ደግሞ መምቻውን እንደ ልቡ ለማንቀሳቀስ 6.7 ሜትር በ4.9 ሜትር የሚሆን ክፍል ያስፈልገዋል። ስለዚህ «መጥቶ ለሚወስድ በነጻ» የሚል ማስታወቂያ ማየት ብርቅ አይደለም። ነጻ የሆነው ግን ጠረጴዛው እንጂ ማንሳቱ አይደለም።

ማንቸስተር የሚኖሩ አንድ የማውቃቸው አዛውንት እንዲህ ያለ ማስታወቂያ አይተው ለማኅበራቸው አዳራሽ ሊወስዱት ተነሡ። ደወሉልኝ።

«ጎረምሶቹን ሰብስቤያለሁ፤ ቫንም ተገኝቷል። ግማሹ በዚያ ጫፍ፣ ግማሹ በዚህ ጫፍ ይይዛል።»

«ጋሼ፣ እንዳለ ሊያነሱት ነው?»

«ታዲያ ጠረጴዛ አይደል እንዴ?»

ድንጋይ ነው ብላቸው ሳቁብኝ። በወጣትነታቸው አዲስ አበባ ከረንቡላ ቤት ሲውሉ የኖሩ ሰው ናቸው። የከረንቡላውም ጠረጴዛ ከጨርቁ ሥር ድንጋይ መሆኑን ሳነሳባቸው፣ «እሱማ አዎ፣ እሱ ግን የጣሊያን ነው» አሉኝ። በመጨረሻ ገጣሚ ተጠራ፤ እኔም ካቻቢቴ አቀባይ ሆኜ አብሬ ሄድኩ።

አፈታቱ ከላይ ወደ ታች ነው። መጀመሪያ የጉድጓዶቹ መረብና ቆዳ ይወልቃል። ቀጥሎ ጎማ የተለበጡት ዳሮች ይፈታሉ፤ ብሎኖቻቸው ከጎን ወደ ድንጋዩ የገቡ ናቸው። ከዚያ ጨርቁ ከሥር ከተመታበት እንጨት ላይ ምስማር በምስማር ይነቀላል። ይሄ ሁሉ ትዕግሥት ላለው ሰው ቀላል ነው። ጭንቁ ድንጋዩ ዘንድ ሲደረስ ይጀምራል።

ጨርቁ ሲገለጥ ድንጋዩ አንድ ወጥ ይመስላል። ገጣሚው በመዳፉ ዳበስ ዳበስ አደረገና ቀጭን ነጭ መስመር አሳየን፤ በሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ የተሞላ ጀሶ ነው። በስለት እየፋቀ አወጣው። ከዚያ ከጎረምሶቹ አንዱ የዳሩን ድንጋይ ወደ ላይ ብድግ ሊያደርግ እጁን ሲሰድ ገጣሚው ጮኸ። ድንጋዮቹ ጎን ለጎን የተያያዙት በናስ ችንካር ነው፤ ከአንዱ ጎን የወጣው ችንካር በጎረቤቱ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል። ወደ ላይ ከተነሣ ችንካሩ የቀዳዳውን አፍ ይዞ ይገነጥለዋል። የማሰሪያ ብሎኖቹ ከተፈቱ በኋላ ድንጋዩ ልክ እንደ መሳቢያ አግድም ተስቦ ነው የሚወጣው። በየጎኑ ተራ ቁጥር ተቀርጾበታል፤ ቁጥር ከሌለው በጠመኔ ይጻፋል፤ ቦታቸው ከተቀያየረ መልሶ መግጠም ዘበት ነውና።

ሲሸከሙትም በጠርዙ ማቆም ነው። በጀርባው አስተኝቶ መሸከም የሚቀል ይመስላል፤ ግን ድንጋዩ ከመሐል ሊሰበር ይችላል፣ በተለይ የጉድጓዱ ቅርጽ የተቆረጠበት ቦታ ስስ ነው። ቫኑ ውስጥም ቆሞ፣ ታስሮ ነው የሚጓዘው። አዛውንቱ የመጀመሪያው ድንጋይ በአራት ሰው ትከሻ በር ሲያልፍ አይተው፣ «ይሄ ጠረጴዛ አይደለም፣ ቤት ነው» አሉ።

መልሶ መትከሉም በእርግጥ ከግንባታ አይለይም። ገጣሚው ውሃ ልኩን በቁመት፣ በወርድ፣ በሰያፍ እያዟዟረ በየእግሩና በየድንጋዩ ሥር ስስ ካርቶን ይሰካል፤ መጋጠሚያውን እንደገና በጀሶ ሞልቶ ይልጋል። ከዚያ ጨርቁ ይወጠራል። ጨርቁ ሱፍ ነው፤ ጸጉሩ መምቻው ኳስ ከሚነሣበት ጫፍ ጥቁሩ ኳስ ወዳለበት ጫፍ የተኛ ነው። ብሩሽም ካውያም በዚያው አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ ተቃራኒውን ያደረገ ጸጉሩን ያቆመዋል፣ ቀስ ብሎ የሚሄድ ኳስም ሳይታሰብ ይጠመዘዛል። በእንፋሎት ካውያ የሚተኩሱትንማ ምን ልበላቸው? ዳሩ ላይ የሚቀመጡትን፣ የቢራ ብርጭቆ የሚያስደግፉትንም እንዲሁ። እኛም አገር መንገድ ዳር የተዘረጉት የፑል ጠረጴዛዎች ይህን ሁሉ ችለው ነው የቆሙት።

ሽያጩ ላይ ሻጭ ሁልጊዜ የሚያሳየው የተቀረጸውን እግር ነው። ገዢ ማየት ያለበት ሌላ ነው። ጨርቁ አንዴ ከተነቀለ በደንብ መልሶ መወጠሩ አስቸጋሪ ስለሆነ አዲስ ጨርቅ ከዋጋው ላይ ይታሰብ። ጎማው ከደረቀ ኳሱ ሲነካው ድፍን ድምፅ ሰጥቶ ይሞታል፤ አንድ ኳስ በኃይል መትቶ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ ማየት ነው። ድንጋዩ ቀድሞ ተሰብሮ በማጣበቂያ የተጠገነ እንዳይሆን ከሥር በባትሪ ይታይ። በዳሩ ላይ የሠሪው ስም ያለበት ትንሽ ሰሌዳ ካለ ዋጋው ከፍ ሊል ይችላል። ደግሞ ገንዘብ ከመቀባበል በፊት ማን እንደሚያስፈታ፣ ማን እንደሚያጓጉዝ፣ ወለሉ ወይም ደረጃው ቢላጥ ማን እንደሚያስጠግን በጽሑፍ ይቀመጥ። የአዛውንቱ ጠረጴዛ በነጻ ተገኝቶ ገጣሚው፣ ቫኑና አዲሱ ጨርቅ ተደምረው ባስወጡት ገንዘብ ጨርሶ ነጻ አልነበረም። ግድ አልሰጣቸውም፤ አሁን ጎረምሶቹን ዳሩ ላይ እንዳይቀመጡ የሚቆጡት እሳቸው ናቸው።