ያረጀ ኦቶሞቢል ዋጋው ስለ ምን ይጨምራል?

ኦቶሞቢል ከመደብር ከወጣበት ቀን ጀምሮ ዋጋው እየቀነሰ የሚሄድ ዕቃ መሆኑ የታወቀ ነው። ነጋዴም በሒሳብ መዝገቡ በየዓመቱ የእርጅና ቅናሽ እያሰበ ይይዘዋል። ይሁን እንጂ በአውሮፓ፣ በአሜሪካና በጃፓን እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹና በ1990ዎቹ የተሠሩ የስፖርት ኦቶሞቢሎች ይህን ደንብ አፍርሰዋል። ርካሽ እየሆኑ ከሄዱ በኋላ ብዙዎቹ ዋጋቸው ተመልሶ ወጥቷል፤ አንዳንዶቹም አዲስ ሳሉ ከተሸጡበት ዋጋ አልፈዋል።

የዚህ ነገር ምክንያት ከአንድ በላይ ነው። በዚያ ዘመን ልጆች የነበሩት ሰዎች ዛሬ ገንዘብ ያላቸው ጎልማሶች ሆነዋል፤ በልጅነታቸው የተመኙትንም ይገዛሉ። ማርሹን ነጂው በእጁ የሚለውጥባቸው የስፖርት መኪናዎች እየጠፉ በመሄዳቸው ያሉት ተፈላጊ ሆነዋል። በአየር የሚቀዘቅዝ ሞተር ያለው ፖርሽ 911 ሥራው እ.ኤ.አ. በ1998 ቆሟል። የሕግም ነገር አለበት፤ በአሜሪካ ሕግ የአገሩን ደንብ ሳያሟላ የተሠራ ኦቶሞቢል 25 ዓመት ሲሞላው እንዲገባ ይፈቀድለታል። ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1989 መሠራት የጀመረው የጃፓኑ ኒሳን ስካይላይን ጂ ቲ አር ከ2014 ጀምሮ አዲስ ገበያ ተከፈተለት። እ.ኤ.አ. በ2021 አንድ የ1994 ቶዮታ ሱፕራ በአሜሪካ ሐራጅ 550,000 ዶላር ተሸጧል፤ ነገር ግን ያ መኪና በታወቀ ፊልም ላይ የተነዳ ነበርና ገዢው የከፈለው ለዝናውም ጭምር መሆኑ አይዘንጋ።

በኢትዮጵያ እንዲህ ያለ የስፖርት መኪና እምብዛም አይታይም። ለዚህ ነገር የሚቀርበው ምሳሌ ሕዝቡ ቮልስ እያለ የሚጠራው ትንሹ ቮልስዋገን ነው። ዝምድናውም በስም ብቻ አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1948 የወጣው የመጀመሪያው ፖርሽ 356 ብዙ ክፍሎቹ የተወሰዱት ከዚሁ ከቮልስ ነበር። ከ21 ሚሊዮን በላይ ከተሠራ በኋላ የመጨረሻው ቮልስ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2003 ሜክሲኮ ውስጥ ከፋብሪካ ወጣ። በዚህ አገር ግን የመምህሩና የመንግሥት ሠራተኛው መኪና የነበረው ቮልስ እስከ ዛሬ በመንገድ ላይ አለ።

የዋጋው መውጣት ግን ከፍቅር ይልቅ ከመንግሥት መመሪያዎች የመጣ ነው። የካቲት 2012 ዓ.ም. የጸደቀው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ባገለገሉ መኪናዎች ላይ፣ ዕድሜያቸው በገፋ መጠን እየከበደ የሚሄድ ቀረጥ ጣለ። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. ኦቶሞቢሎች የውጭ ምንዛሪ ከማይፈቀድላቸው 38 የዕቃ ዓይነቶች መካከል ተቆጠሩ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር ኦቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን አስታወቀ። ከዚህም የተነሣ አስቀድሞ የገባው ሁሉ፣ አሮጌም ቢሆን፣ ተተኪ የሌለው ዕቃ ሆነ።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሒሳቡን በጥንቃቄ ሊያደርግ ይገባዋል። በ2010 ዓ.ም. የአንድ ዶላር ምንዛሪ 27 ብር ገደማ ነበር፤ ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ በ2017 ዓ.ም. ከ120 ብር አልፏል። እንግዲህ በ2010 ዓ.ም. በ100,000 ብር የተገዛ መኪና በ2017 ዓ.ም. 440,000 ብር ቢሸጥ ባለቤቱ በዶላር ሲታሰብ አንድ ሳንቲም እንኳ አላተረፈም። ለጋራዥ፣ ለጎማና ለዓመታዊ ምርመራ ያወጣው ሲጨመርበት ከስሯል ማለት ነው። መኪናው ሠርቶ ገቢ ካላስገባ በቀር ያው ገንዘብ በጤፍ ወይም በቅባት እህል ላይ ቢውል በየዓመቱ ይገላበጥ ነበር።

በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ ለሚነግዱ ሰዎች ነገሩ መልኩን ይለውጣል። ከወረታ ተነሥቶ በደብረ ታቦርና በነፋስ መውጫ አልፎ ወልድያ የሚደርሰው ዋና መንገድ ለማንኛውም መኪና ይመቻል፤ ከእርሱ ተገንጥሎ ወደ ወገዳ ወይም ወደ ገጠር ገበያዎች ለሚወርድ ግን ከመሬት ከፍ ያለና አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ያስፈልገዋል። በዚህ አገር የስፖርት መኪናን ቦታ የያዙት ላንድሮቨርና ላንድክሩዘር ናቸው። እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 የተሠራው ባለ 40 ቁጥሩ ላንድክሩዘር ዛሬ በአሜሪካ ሰብሳቢዎች ዘንድ እጅግ ተፈላጊ ነው። ይሁን እንጂ እነርሱ የሚከፍሉት ለሚታደስ አሮጌ ቆርቆሮ ሳይሆን ዝገት ላልበላው፣ ሞተሩና ሻንሲው ከፋብሪካ እንደወጣ ለሚገኝ ነው። በገጠር ሠላሳ ዓመት የሠራ መኪና ደግሞ ሞተሩ ተለውጦ፣ አካሉ ተበይዶ የሚገኝበት ጊዜ ይበዛል።

ስለዚህ ከመሥሪያ ቤት ጨረታ አሮጌ መኪና የሚገዛ ሰው ቀለሙን ከማየቱ በፊት በሊብሬው ላይ የተጻፈውን የሞተርና የሻንሲ ቁጥር ከብረቱ ላይ ከተቀረጸው ጋር ማስተያየት አለበት። ቁጥሩ የማይገጥም መኪና ለእህል ማመላለሻ ቢያገለግልም ሰብሳቢው ዋጋውን ይቀንስበታል፤ ስም ለማዛወርም ያስቸግራል።