በወህኒ ቤት ያልተቋረጠ ትምህርት

በኢዲዶ አንዲት እናት ቡና ስትቈላ ከምጣዱ የሚነሣውን ጢስ ያየ ልጅ «ይህ ነገር ከምን የተሠራ ነው?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። ጢሱን ሽቅብ የሚወስደው የጋለው አየር መሆኑን ሁላችን እናውቃለን። ነገር ግን ከጢሱ አንዲቱን ደቂቅ ቅንጣት በአጉሊ መነጽር የተመለከተ ሰው፣ ያለ ዕረፍት ወዲያና ወዲህ ስትንቀጠቀጥ ያገኛታል። ይህም የሚሆነው ዐይን የማያያቸው የአየር ቅንጣቶች ከየአቅጣጫው ስለሚገፏት ነው። የዚህን ዐይነቱን እንቅስቃሴ ምክንያት አልበርት አይንስታይን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1905 በስሌት አስረድቷል።

ከአገራችን ሊቃውንት በዚህ ዕውቀት ከደከሙት አንዱ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህር የነበሩት ዶክተር ሙሉጌታ በቀለ ናቸው። ከደቀ መዝሙራቸው ከመስፍን አስፋው ጋር ሆነው፣ ሙቀትና ቅዝቃዜ በተፈራረቁበት መንገድ የምትጓዝ አንዲት ቅንጣት እንደ ሞተር ሸክም ልትስብ የምትችልበትን አሠራር መርምረው፣ ውጤቱን እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2004 አሳትመዋል። መኪናን የሚነዳው ሙቀት በእንዲህ ያለ ረቂቅ ነገር ላይም ሥራ መሥራቱ እጅግ የሚያስገርም ነው።

ወደዚህ ማዕረግ የደረሱት ግን በቀና መንገድ አልነበረም። በደርግ ዘመን፣ በ1970ዎቹ ዓ.ም.፣ ለብዙ ዓመታት ታስረው ከባድ ሥቃይ ደርሶባቸዋል። በዚያ ሥፍራ ሳሉ አብረዋቸው ለታሰሩት ፊዚክስ ያስተምሩ ነበር። ነገ በሕይወት መኖሩ ላልታወቀ ሰው የተፈጥሮን ሕግ ማስተማር ምን ይጠቅማል የሚል ይኖር ይሆናል፤ እኔ ግን ከምርምራቸው ሁሉ ይልቅ የሚደንቀኝ ይኸው ነው። ተማሪው የሚጠብቀው ዲፕሎማ የለም፤ መምህሩም ደመወዝ የለውም፤ ትምህርቱ ግን ይቀጥላል።

ከተፈቱ በኋላ ሕንድ አገር ሄደው በባንጋሎር የዶክተርነት ማዕረግ ተቀበሉ፤ ከዚያም ተመልሰው ማስተማራቸውን ቀጠሉ። በ2004 ዓ.ም. የአሜሪካ የፊዚክስ ማኅበር በአንድሬ ሳካሮቭ ስም የሚሰጠውን ሽልማት ሰጣቸው። ሳካሮቭ የሃይድሮጅን ቦምብ ከሠሩት የሩሲያ ሊቃውንት አንዱ ሲሆን፣ በኋላ ስለ ሰው ልጅ መብት በመናገሩ ጎርኪ ወደምትባል ከተማ የተጋዘ ሰው ነው። ሽልማቱን የተካፈሏቸው የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲው ሪቻርድ ዊልሰን ነበሩ። እርሳቸውም የአተምን እምብርት ደቂቃን ሲመረምሩ የኖሩ ሊቅ ናቸው።

ዛሬ ዲላ ላይ ዩኒቨርሲቲ አለ፤ ፊዚክስም ይሰጥበታል። ስለ ጢሱ ለጠየቀው የኢዲዶ ልጅ መንገዱ ሩቅ አይደለም።