ሁለት ገና በአሰላ፦ የውጭ ዜጎችና የበጋው በዓላት በአርሲ ደጋ

አሰላ፦ በአርሲ ዞን ርዕሰ ከተማ አሰላ ለሥራ የሚኖር አውሮፓዊ ወይም አሜሪካዊ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ገና ይገጥመዋል። የመጀመሪያው እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 25 የሚውለው የአገሩ በዓል ሲሆን፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ታኅሣሥ 16 ቀን ላይ የሚያርፍ መደበኛ የሥራ ቀን ነው። ሁለተኛው ከ13 ቀናት በኋላ፣ ታኅሣሥ 29 ቀን፣ በጎረቤትና በሥራ ባልደረባ ቤት የሚጠብቀው ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ጊዜ ለእንግዳውም ሆነ ለተቀባዩ መሥሪያ ቤት ከሚታሰበው በላይ አስቸጋሪ ሆኖ ይገኛል።

አሰላ የውጭ ባለሙያ ማስተናገድ የጀመረችው ዛሬ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1967 በኢትዮጵያና በስዊድን መንግሥታት ስምምነት የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በምሕፃሩ ካዱ፣ በርካታ የስዊድን ባለሙያዎችን ወደ አካባቢው ማምጣቱ ይታወሳል። እ.ኤ.አ. ከ1962 ጀምሮ ወደ ኢትዮጵያ ከገቡት የአሜሪካ ሰላም ጓድ በጎ ፈቃደኞች መካከልም በአሰላ ያስተማሩ ነበሩ። በቅርብ ዓመታት ደግሞ የጀርመኑ የዱሰልዶርፍ ዩኒቨርሲቲ ከአርሲ ዩኒቨርሲቲ ጋር በሕክምናና በምርምር መስክ ሲተባበር ቆይቷል።

ለእነዚህ እንግዶች የመጀመሪያው ግራ መጋባት ከቃሉ ይጀምራል። አውሮፓዊው ገናን የክረምት በዓል ይለዋል፤ በአማርኛ ግን ክረምት የሐምሌና የነሐሴ ዝናብ ነው። በስቶክሆልም በዚያ ወቅት የቀኑ ብርሃን ስድስት ሰዓት ያህል ብቻ ሲቆይ፣ በአሰላ ከ11 ሰዓት ተኩል በላይ ፀሐይ ይኖራል። ሆኖም ከባሕር ጠለል በላይ ከ2 ሺህ 400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኘው ከተማና ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍ የሚለው የጭላሎ ተራራ ግርጌ በታኅሣሥ ሌሊት ቁር የሚበረታባቸው ናቸው። በተራራው ጥግ ውርጭም ይጥላል። ወቅቱ ስንዴና ገብስ የሚታጨድበትና የሚወቃበት በመሆኑ፣ የግብርና ባለሙያው በአገሩ ዕረፍት የሚወጣበት ሳምንት እዚህ ሥራ የሚበዛበት ነው።

ሌላው ጉዳይ ጾሙ ነው። ከኅዳር 15 ጀምሮ እስከ ገና ዋዜማ የሚጾመው ጾመ ነቢያት ዲሴምበር 25ን በውስጡ ይይዛል። በዚያ ቀን ባልደረቦቹን ቤቱ የጋበዘ እንግዳ የጠበሰው ሥጋና በቅቤ የጋገረው ኬክ ሳይነካ ሲቀር ቅር ሊለው ይችላል። ምግቡ ያልተነካው በንቀት ሳይሆን በጾም ምክንያት መሆኑን አስቀድሞ የሚነግረው አንድ ሰው ቢኖር ሽሮና ምስር ወጥ ነገሩን ይፈታው ነበር።

በገና ዕለት የሚታየው የአርሲ መልክ ለብዙ እንግዶች ያልተጠበቀ ነው። በዞኑ ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ተጎራብተው ስለሚኖሩ፣ በዓሉ የአንዱ ቢሆንም ጥሪው የሁለቱም ነው። በልማድ አንዱ የሌላውን እርድ ስለማይመገብ፣ አክባሪው ለሙስሊም ጎረቤቱ በሙስሊም እጅ የታረደ በግ ወይም ዶሮ በተለየ ድስት ያሰናዳል፤ አቅም ከሌለም ሥጋ የሌለበት ምግብ ይቀርባል። በዒድ ደግሞ ተራው ይለወጣል። ከሁለቱም ወገን የሚጋበዘው የውጭ ዜጋ ይህን የሚያስተውለው ብዙ ጊዜ ድስቶቹ ሁለት መሆናቸውን አይቶ ነው። ከተቆላ ገብስ ዱቄትና ከተነጠረ ቅቤ የሚሠራው የአርሲዎች ጭኮ ግን ለማንም እንግዳ ይቀርባል፤ ጥያቄም አያስነሳም። ሜዳ ላይ በአፋን ኦሮሞ ቂሌ የሚባለው የገና ጨዋታ ሲኖር፣ ከበረዶ አገር የመጣ ተመልካች ከሚያውቀው የበረዶ ላይ ሆኪ ጋር ማመሳሰሉ አይቀርም።

በ1992 ዓ.ም. ዒድ አልፈጥርና ገና በአንድ ሰሞን ተከታትለው ውለው ነበር። የሂጅራ ዓመት በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ስለሚቀድም በ2025 ዓ.ም. ገደማ ዳግም ይቀራረባሉ።

ለመሥሪያ ቤቶች የበለጠ የሚያሳስበው የሰሌዳው ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ በጀት ዓመት ግማሽ የሚዘጋው ታኅሣሥ 30፣ በገና ማግስት ነው። የብዙ የውጭ አጋሮች ሒሳብ ደግሞ ዲሴምበር 31፣ ማለትም ታኅሣሥ 22 ይዘጋል። በታኅሣሥ አጋማሽ ወደ አውሮፓ የተላከ ደብዳቤ ቢሮው በዕረፍት ላይ ስለሚሆን መልስ አያገኝም፤ መልሱ ሲመጣ ደግሞ እዚህ ገናና ጥምቀት ይደርሳሉ። የጋራ ፕሮጀክት ያላቸው ክፍሎች ሪፖርታቸውንና የክፍያ ሰነዳቸውን እስከ ታኅሣሥ 5 ድረስ ቢያጠናቅቁ ይመረጣል። የውጭ ባለሙያው በታኅሣሥ 16 ፈቃድ ከጠየቀም ከዓመት ዕረፍቱ ታስቦ ቢሰጠው ሥራው የሚጎዳበት ምክንያት የለም።

የቀን ልዩነቱ ራሱ በየአራት ዓመቱ ይንሸራተታል። ጳጉሜን 6 ቀን ሆና ካለፈች በኋላ በሚገባው ዘመነ ዮሐንስ ገና ታኅሣሥ 28 ይከበራል፤ በአውሮፓ አቆጣጠር ግን ያው ጃንዋሪ 7 ነው። ጥምቀት በአንጻሩ ጥር 11ን ስለማይለቅ ከጃንዋሪ 19 ወደ 20 ይሸጋገራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ የሰፈረውን ይህን በዓል ለማየት እንግዶች ወራት አስቀድመው የአውሮፕላን ትኬት ይቆርጣሉ። ቀጣዩ ዘመነ ዮሐንስ 2020 ዓ.ም. በመሆኑ፣ በዚያ ዓመት ለውጭ አጋሮች በሚላክ የግብዣ ደብዳቤ ላይ ከተራ ጃንዋሪ 19፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ቀን 2028 ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል።